እድር ቤት ሊሠራ ሲነሣ ከዕቃ ቤቱ ይጀምር

የእድር ንብረት በአባላት ግቢ ተበታትኖ ሲቀመጥ ችግሩ የሚታወቀው ሌሊት ነው። ድንኳኑ ገንዘብ ያዡ ሰርቪስ ቤት፣ አግዳሚ ወንበሩ የሰብሳቢው በረንዳ ላይ፣ ብረት ድስቱና ሳህኑ ሌላ ሰው ጓዳ ውስጥ ነው። ሰው ሲያርፍ ሦስት በር ማንኳኳት ግድ ይላል፤ ከሦስቱ አንዱ ቁልፉን ይዞ ክፍለ ሀገር ሄዷል። ብዙ እድር «የራሳችን ቤት ይኑረን» የሚለው እዚህ ሲደርስ ነው። ይህን የምንጽፈው በእድር ኮሚቴነት ያገለገልን ሰዎች ነን። ቤት ለመሥራት ላሰባችሁ፣ ወይም ጀምራችሁ ግድግዳው ላይ ለቆማችሁ፣ የሚጠቅመውን እናካፍል ብለን ነው።

ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቤት ነገር ሲነሣ ሁሉም በሐሳቡ የሚታየው አዳራሽ ነው። እኛ ግን ከዕቃ ቤት ጀምሩ እንላለን። አዳራሽ ለእድሩ የሚያገለግለው በወር አንድ ቀን፣ ለዚያውም ለሁለት ሰዓት ነው፤ ዕቃ ቤት በየለቅሶው ይከፈታል። 5 በ6 ሜትር የሆነች ዕቃ ቤት 200 ወይም 250 አባል ላለው እድር ከአቅም በላይ አትሆንም። 180 ካሬ አዳራሽ ግን መሠረቱ ወጥቶ፣ ኮለኑ ቆሞ፣ አናቱ ላይ የተረፈው ፌሮ እየዛገ ለዓመታት ሲቀር በየሰፈሩ የሚታይ ነገር ነው። አባላትም ያላለቀ ግንብ እያዩ መዋጮ መክፈል ይሰለቻቸዋል። ዕቃ ቤቷ ተጠናቃ ስትቆለፍ ሰው ገንዘቡ የት እንደገባ በዓይኑ ያያል፤ ሁለተኛውን ዙር መዋጮ ለመጠየቅ አፍ የሚኖረውም ያኔ ነው።

ከድንጋዩ በፊት ወረቀቱ

ስለ ማኅበራት መሠረታዊው ሕግ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ስላወጣቸው፣ እድር የሚመዘገበው እንደ በጎ አድራጎት ድርጅት አይደለም። በተግባር የሚኬደው ወደ ወረዳ ነው። የሚጠየቀው ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ የትም ብትሄዱ ግን ሦስት ነገሮች አይቀሩም፦ የመተዳደሪያ ደንብ፣ ኮሚቴው የተመረጠበት ቃለ ጉባኤና የአባላት ስም ዝርዝር ከነፊርማቸው። በዚህ ምዝገባ የሚገኘው ደብዳቤና ማኅተም ከሌለ ባንክ በእድሩ ስም ሒሳብ አይከፍትም፤ የውሃና የመብራት ቆጣሪም በግለሰብ ስም ይወጣል። በግለሰብ ስም የወጣ ቆጣሪ ግለሰቡ ሰፈር ሲቀይር ወይም ሲሞት ምን ያህል እንደሚያመላልስ የደረሰበት ያውቀዋል።

የቆዩ የእድር ደንቦች ስለ ቀብር፣ ስለ ቅጣትና ስለ ውዝፍ በዝርዝር ይናገራሉ፤ ስለ ቤት ግን ዝም ነው የሚሉት፣ ሲጻፉ ቤት አልነበረምና። ስለዚህ ገንዘብ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ደንቡ መሻሻል አለበት። መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ቤቱ የእድሩ መሆኑን ነው፤ ማንም አባል በነፍስ ወከፍ የሚቆጠር ድርሻ እንደሌለው፣ ሲለቅም ሆነ ሲባረር ከቤቱ የሚጠይቀው እንደማይኖር በግልጽ ይቀመጥ። ቀጥሎ ቤቱን መሸጥ፣ መለወጥ ወይም በዋስትና ማስያዝ በኮሚቴ ውሳኔ እንደማይቻልና ቢያንስ የጠቅላላ ጉባኤውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንደሚፈልግ ይጻፍ። እድሩ ቢፈርስ ወይም ለሁለት ቢከፈል ንብረቱ ለማን እንደሚሄድም መቅረት የለበትም። ይህን ስንል ሟርት አድርጎ የሚያየው ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን የቦታው ዋጋ ከፍ ሲል ነባርና አዲስ አባል የሚጣሉበት ዋናው ነገር ይኸው ነው። ነባሩ «እኛ ድንጋይ ተሸክመን የሠራነው» ይላል፣ አዲሱ «እኔም መግቢያ ከፍያለሁ» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

መግቢያውንም ቤቱ ካለቀ በኋላ ከልክ በላይ መስቀል አይጠቅምም። ጠቅላላ የንብረቱን ግምት ለአባላት ቁጥር አካፍሎ ያንን ሙሉውን መግቢያ ማድረግ በሒሳብ ትክክል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ወጣት ቤተሰብ አለመምጣቱ ነው። ወጣት ያልገባበት እድር ደግሞ ሟቹ እየበዛ ከፋዩ ያንሳል። በ12 ወር ተከፋፍሎ የሚከፈል መግቢያ የተሻለ ይሠራል።

ቦታው በማን ስም ነው

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ «ቦታ ገዛን» የሚል እድር ሲያጋጥማችሁ የምትጠይቁት ካርታው በማን ስም እንደሆነ ነው። የአዲስ አበባ የቆዩ እድሮች ብዙዎቹ ዕቃቸውን የሚያስቀምጡት በቀበሌ ቤት ወይም በቀበሌ ግቢ ጥግ ላይ በሠሩት ቆርቆሮ ቤት ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሰ ወዲህ ቀበሌ በሰፈሩ ትልቁ አከራይ ስለነበር፣ በቃል ፈቃድ የገባ እድር ብዙ ነው። በቃል የተሰጠ ቦታ ግን የሰጠው ሊቀመንበር እስካለ ድረስ ነው የሚቆየው። ሰፈሩ ለልማት ሲፈለግ ካሳ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነውና፣ ማስረጃ የሌለው እድር ቆርቆሮውን ነቅሎ ከመሄድ ሌላ የሚያገኘው ነገር አይኖርም። ከቀበሌ የተከራያችሁ ከሆነ ውሉንና የኪራይ ደረሰኙን በእድሩ ስም አድርጉት፤ የድሮዎቹን ደረሰኞችም አትጣሉ።

ሌላው የተለመደ መንገድ አንድ አባል ከግቢው ቆርሶ ሲሰጥ ነው። ደግነቱ የሚመሰገን ነው፤ ግን በእድር ጉባኤ ፊት ተነሥቶ «ሰጥቻለሁ» ማለትና በሕግ መስጠት የተለያዩ ናቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2443 የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ ኑዛዜ አሠራር ካልተደረገ ዋጋ የለውም። ግልጽ ኑዛዜ በመሠረቱ አራት ምስክሮች ባሉበት የሚደረግ፣ የሚነበብና የሚፈረም ነው፤ ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ሲሆን ሁለት ምስክር ይበቃዋል። ስለዚህ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጨረስ ነው የሚሻለው፤ ሰጪው ባለትዳር ከሆነ የባለቤቱም ፊርማ ያስፈልጋል። ከዚያ ካርታው መከፈል አለበት። ከዝቅተኛው የይዞታ ስፋት በታች ስለሆነ አይከፈልም ከተባለ ያ ቦታ ቤት የሚሠራበት አይደለም፤ ሰጪው ሲያርፍ ልጆቹ ይጠይቁታል፣ ፍርድ ቤትም ይሰማቸዋል።

በኮንዶሚኒየም ያሉ እድሮች ጉዳያቸው ቀለል ይላል፤ ብዙው ሳይት ላይ ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለማብሰያ የሚሆን የጋራ መገልገያ ሕንፃ አለ። ነገር ግን ሕንፃው የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 370/1995 በሚቋቋመው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው፤ እድሩ ሌላ አካል ነው፣ አባሎቹም ሁሉም አንድ አይደሉም፤ ተከራይ የእድር አባል ሊሆን ይችላል። የትኛው ክፍል ለእድር ዕቃ እንደሆነና ቁልፉ በማን እጅ እንደሚቀመጥ በሁለቱ ማኅበራት ማኅተም በጽሑፍ ይያዝ።

ወደ ከተማ አስተዳደር ቦታ ለመጠየቅ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ «አዳራሽ እንፈልጋለን» ብላችሁ ብቻ አትሂዱ። የአባላት ቁጥር፣ ስንት ካሬ እንደሚያስፈልግና ለምን እንደሆነ፣ በባንክ ያለውን የግንባታ ገንዘብ የሚያሳይ ማስረጃና ንድፍ አያይዙ። ጎረቤት እድሮች ሁለትና ሦስት ሆነው አንድ ቤት በጋራ ቢጠይቁ የመሰማት ዕድላቸው ይሰፋል።

የቀብር ገንዘብ አይነካ

በእድር ቤት ግንባታ የሚደርሰው ትልቁ ጥፋት ግንቡ መሰንጠቁ አይደለም፤ ለቀብር የተቀመጠው ገንዘብ ብሎኬት ሆኖ ሰው ሲሞት የሚከፈል መጥፋቱ ነው። አንድ ቤተሰብ ገንዘቡን በሰዓቱ ካላገኘ ወሬው በሳምንት ውስጥ ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ከዚያ በኋላ መዋጮ የሚከፍል አይገኝም። ስለዚህ ሁለት የባንክ ሒሳብ ይከፈት። ወርኃዊው መዋጮ በአንደኛው፣ የቤት መዋጮው በሌላው ይግባ፤ ደረሰኙም በቀለም የተለየ ይሁን። ፈራሚ ሦስት ሆኖ ሁለቱ ሲፈርሙ የሚወጣ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሰብሳቢው፣ ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ሹሙ። ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ፈራሚ መኖር የለበትም።

በቀብር ሒሳቡ ላይ ምን ያህል መቀመጥ አለበት? ያለፉትን ሦስት ዓመታት መዝገብ አውጡና በዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተከፈለ ቁጠሩ፤ የአባሉን፣ የባለቤትን፣ የልጅንና የወላጅን ክፍያ ለየብቻ አስሉት። ለምሳሌ በዓመት 12 ጊዜ፣ በአማካይ 15,000 ብር የሚከፍል እድር 180,000 ብር ያስፈልገዋል። ይህ ያልተነካ የዓመት መጠባበቂያ ሳይኖር የቤት መዋጮ አይጀመር። የቤት መዋጮውም ሰው የሚችለው ይሁን፤ 250 አባላት በወር 50 ብር ቢያዋጡ በዓመት 150,000 ብር ነው። «ሁሉም በአንድ ጊዜ 3,000 ብር ያምጣ» ሲባል ያለው ይከፍላል፣ የሌለው በውዝፍ ይያዛል፣ ጡረተኛው ከእድር ይወጣል። አቅም ለሌለው የጉልበት ቀን በምትክ ቢቆጠርለት ነውር የለውም፤ ግን ተመኑ አስቀድሞ በጉባኤ ይወሰን።

ዋጋ በየጊዜው ስለሚጨምር ገንዘቡን ባንክ አስቀምጦ ሙሉው እስኪሞላ መጠበቅ ኪሳራ ነው። የማይበላሽ ነገር ቀድሞ መግዛት ይሻላል፤ የመሠረት ድንጋይ፣ ጠጠር፣ ብሎኬት፣ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ፌሮና ቆርቆሮ። ሲሚንቶ ግን አይሆንም። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሲሚንቶ ከርጥበቱ ጋር አቅሙን ያጣል፤ ሲነካ የማይፈርስ እብጥ ካለበት ለአርማታ አይጠቅምም።

የግዢውን ሥራ በሚመለከት አንድ ሕግ ይበቃል፦ የሚገዛው፣ የሚረከበውና የሚከፍለው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። አሸዋ በቢያጆ ሲመጣ ተረካቢው መኪናው ላይ ወጥቶ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታውን በሜትር ለክቶ ይፈርም፤ ከተራገፈ በኋላ ስንት እንደነበር ለማወቅ ያስቸግራል።

ዕቃ ቤቱን መሥራት

ከሕንፃ ፈቃድ አንጻርም ዕቃ ቤት ይቀላል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏቸው ነበር። ፎቅ የሌለውና በሁለት ተሸካሚ አካላት መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ሕንፃ በምድብ ሀ ይወድቅ ነበር። ሕዝብ የሚሰበሰብበት አዳራሽ ግን የሕዝብ መገልገያ ስለሆነ ምድብ ሐ ነበር፤ የአርክቴክት፣ የስትራክቸር፣ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ ንድፍ ይጠየቅበት ነበር። ንድፉን ራሱ ማሠራት ገንዘብ ነው። ቢሆንም ዕቃ ቤቷን ከመቆፈራችሁ በፊት ወረዳው በዚያን ጊዜ የሚሠራበትን መመሪያ ጠይቁ፤ አዳራሹ ወደፊት የት እንደሚያርፍም ሳይት ፕላኑ ላይ አስምሩ። ዕቃ ቤት ከኋላ ጥግ ይሁን፤ በሩ ድረስ አይሱዙ የሚያስገባ 4 ሜትር መንገድ ይተውለት።

አፈሩ ጥቁር ኮትቻ ከሆነ፣ በአዲስ አበባ በቦሌ በኩል እንዳለው ማለት ነው፣ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተቀመጠ ግንብም አብሮት ይሰነጠቃል። እስከ ጠንካራው ድረስ ማውጣት ነው። ጥልቀቱ ብዙ ከሆነ የሚቻለውን ያህል አውጥቶ በገረጋንቲ፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ውሃ እያጠጡና እየጠቀጠቁ መሙላት። አንድ ሜትር ገረጋንቲ በአንድ ጊዜ ገልብጦ ከላይ ብቻ መጠቅጠቅ የተለመደ ስንፍና ነው፤ ወለሉ በሁለተኛው ዓመት ይሰምጣል። የወለሉ ከፍታ ከግቢው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይውጣ፤ መግቢያው ደግሞ ደረጃ ሳይሆን ተዳፋት ይሁን፤ አግዳሚ የተሸከሙ ሁለት ሰዎች በጨለማ የሚገቡበት ነው።

ለ5 በ6 ሜትር ቤት፣ ግድግዳው 3 ሜትር ከፍታ ካለው፣ ዙሪያው 66 ካሬ ሜትር ነው። በርና መስኮት ሲቀነስ 61 ገደማ ይቀራል። 40 በ20 የሆነ ብሎኬት በካሬ ሜትር 12 ተኩል ይገባል፤ ስብራቱን ጨምራችሁ 13 ብትይዙ 800 ብሎኬት ይበቃል። ብሎኬት ስትገዙ ከመኪናው ላይ አንዱን አንሥታችሁ ከጉልበት ከፍታ ልቀቁት፤ ጥጉ ብቻ ቢነካ ጥሩ ነው፣ ከሁለት ከተከፈለ መኪናውን መልሱት። ውሃ ሳይጠጣ በፀሐይ የደረቀ ብሎኬት በጥፍር ሲፈተግ ይረግፋል።

የ10 ሴንቲ ሜትር ወለል ለ30 ካሬ 3 ሜትር ኩብ አርማታ ነው። ለአንድ ሜትር ኩብ 7 ከረጢት ሲሚንቶ ብትይዙ 21 ከረጢት፣ ማለትም 10 ተኩል ኩንታል ይሆናል። ልኩ የሚጠፋው በመለኪያ ሳጥኑ ነው። ባለ 50 ኪሎ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 35 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ የውስጥ ልኩ 50 በ40 በ17 ተኩል ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን አሠሩ፤ አንድ ከረጢት አንድ ሳጥን ይሆናል። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። ሳጥኑ በአሸዋ ሲሞላ አናቱ በጣውላ ይላግ፤ ተቆልሎ የሚገለበጥ ሳጥን ሁለቱን ሁለት ተኩል ያደርገዋል። ቀን ሠራተኛው ለማቡካት እንዲቀለው ውሃ ይጨምራል፤ እንደ አጥሚት የቀጠነ አርማታ ሲደርቅ ይላላል፣ አቧራ ሆኖም ይነሣል። አሸዋውን ደግሞ በብርጭቆ ፈትኑት፦ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ከዚያ ውሃ ሞልታችሁ በጥብጡና ለጥቂት ሰዓት ተዉት። ከላይ የሚረጋው ጭቃ ከአሸዋው ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ ሳይታጠብ አይሠራበትም። ከተሞላ በኋላ ጆንያ አልብሶ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ማጠጣት ግድ ነው። ይህ ለአባላት በተራ የሚሰጥ ጥሩ ሥራ ነው፤ ፌሮ ማሰር ግን ለባለሙያ ይተው።

ቆርቆሮ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጌጁ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ወፍራም ነው፣ 32 ይሳሳል፣ 35 ለጊዜያዊ አጥር ካልሆነ ለእድር ቤት አይሆንም። ምስማሩ ከነጎማው በጉብታው ላይ ይመታ፤ በሸለቆው ከተመታ ውሃ የሚሄድበት ላይ ቀዳዳ ከፈታችሁ ማለት ነው። ጣሪያው ከግድግዳው 50 ሴንቲ ሜትር ወጣ ይበል። የጣሪያው እንጨት ባሕር ዛፍ ከሆነ የደረቀና የተላጠ ይሁን፤ ጫፉ ግንብ ውስጥ የሚገባው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቢቀባ ምስጥ ይዘገያል።

በሩ ባለሁለት ተከፋች የብረት በር፣ ወርዱ 1.80 ሜትር ይሁን። የድንኳን ቋሚ ረጅም ነው፤ በሩ ፊት ለፊት ግንብ ወይም ዛፍ ካለ አይዞርም። መስኮት ዝቅ ብሎ አይከፈት፤ ከጣሪያ ሥር፣ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ላይ፣ ወንፊት ሽቦ የለበሰ ትንንሽ ማናፈሻ ነው የሚያስፈልገው። አየር የማይተላለፍበት ዕቃ ቤት ድንኳን ያሻግታል።

ዕቃው

ድንኳን ከእድሩ ንብረት ውዱ ነው፤ የሚገድለው ደግሞ እርጥብ ሆኖ መታጠፉ ነው። በክረምት ሠልስት ወጥቶ ድንኳን ሲፈርስ ሰው ደክሞታል፣ ዝናቡም ያስቸኩላል፤ እርጥቡን ጠቅልሎ መወርወር ነው። በሳምንቱ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፣ በሁለተኛው ክረምት በጣት ይቀደዳል። ለዚህ መፍትሔው ዕቃ ቤቱ ሲሠራ ከግድግዳ ግድግዳ፣ ከወለል 2.5 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሦስት ወፍራም ቱቦ አግድም ማስቀበር ነው። እርጥብ ሸራ በላያቸው ተዘርግቶ ያድራል። ሲደርቅ ጭቃው በጠንካራ ብሩሽ ይራገፋል እንጂ በኦሞ አይታጠብ፤ ውሃ እንዳያስገባ የተቀባው ይለቃል። መታጠፊያውም በየጊዜው ቦታ ይቀያየር፤ ሁልጊዜ በአንድ መስመር የሚታጠፍ ሸራ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። የሚቀመጠው ከወለል 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ነው። ከበሩ ሥር አይጥ የምታልፍበት ክፍተት ካለ ላስቲክ ይመታበት።

አግዳሚ ወንበር 2 ሜትር ከሆነ አራት ሰው በደንብ፣ አምስት ሰው በመጠጋጋት ያስቀምጣል። ለ200 ሰው 45 ያህል ያስፈልጋል። ስትሠሩት አንዱ ከሌላው እግር መሐል ገብቶ እንዲደራረብ ካደረጋችሁ ቦታው በግማሽ ይቀንሳል። ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ጆግ፣ ትሪና ብረት ድስት ላይ የእድሩ መነሻ ፊደል ይቀረጽ፤ ቀለም በመታጠብ ይጠፋል። ከሁለት እድር የመጣ ዕቃ በአንድ ለቅሶ ቤት ሲቀላቀል፣ ይህም የማይቀር ነው፣ ፊደሉ ጭቅጭቁን ያስቀራል።

ርክክቡ በሁለት ቅጂ ቅጽ ይሁን፤ አንዱ በለቅሶ ቤቱ ተወካይ፣ ሌላው በንብረት ክፍሉ እጅ። ተወካዩ ሐዘንተኛው ራሱ መሆን የለበትም፤ የቅርብ ጎረቤት ይፈርም። ሲመለስ የሚቆጠረው በቀን፣ በዕቃ ቤቱ በር ላይ ነው፤ ማታ የተቆጠረ ሳህን ሁልጊዜ ይጎድላል። የጎደለውን ማን ይተካል የሚለው በደንቡ ይኑር። የተወሰነ ስብራት፣ ለምሳሌ ከመቶ ብርጭቆ ሦስት፣ ለእድሩ ቢታሰብ ሰው በእውነት ይናገራል፤ ሁሉንም ካስከፈላችሁ የተሰበረው ሳይነገር ተሸፍኖ ይመለሳል።

ወጥ ቤትና ውሃ

ከዕቃ ቤት ቀጥሎ የሚሠራው ወጥ ቤት ነው፤ እዚህ ላይ የሴቶች እድር ሳይጠየቅ መስመር አይሰመር። ኮሚቴው ወንድ ሆኖ የሠራው ወጥ ቤት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ ጠባብ፣ ባለአንድ በር፣ ጢስ መውጫው የማይበቃ። ሴቶቹ ውጭ ጉልቻ ጎልተው ይሠሩና ክፍሉ ዕቃ መጣያ ይሆናል። እነሱን ብትጠይቁ የሚሏችሁ ይታወቃል፤ ሦስት ጎኑ ክፍት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ሊሾ ሆኖ ወደ አንድ ቦይ የሚያዘነብል ዳስ መሰል ነገር። ቆመው የሚከትፉበት ከወገብ ከፍታ ያለ ረጅም መደብ፣ ትልቅ ድስት የሚቀመጥበት ዝቅ ያለ ምድጃ፣ እጥበቱ ደግሞ ከማብሰያው የራቀ። የዘይትና የቅባት ውሃ በቀጥታ ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ አይግባ፤ መሐል ላይ ክዳኑ የሚነሣ ትንሽ የቅባት ማጣሪያ ጉድጓድ ይሠራና በየጊዜው ይጠረግ።

ውሃ ለቅሶ ባለበት ቀን ላይመጣ ይችላል፤ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ከፍ ባለ ማማ ላይ ይቀመጥ። ማማው ሲሠራ 2,000 ሊትር ውሃ ሁለት ቶን መሆኑ አይረሳ። ጉድጓድ ውሃ ካላችሁ መጸዳጃው ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከጉድጓዱም በታች ይሁን። የሴትና የወንድ መጸዳጃ ይለይ፤ አንዱ አረጋዊ ተደግፎ የሚቀመጥበት የብረት መያዣ ይኑረው። እድር የሚመጣው ሰው ግማሹ ጉልበቱን የሚያመው ነው።

አዳራሹ፣ ሲደርስ

በረድፍ ለሚቀመጥ ስብሰባ በሰው ከ0.8 እስከ 1 ካሬ ሜትር ያዙ፤ ለ200 ሰው ከ160 እስከ 200 ካሬ። ከዚህ የሚበልጥ ለሠርግ ነው፤ የሠርግ ገበያ ለመያዝ የምታስቡ ከሆነ ሒሳቡን ለብቻው ሥሩ። በሮቹ ሁለት ይሁኑ፣ በተለያየ ጎን፣ ወደ ውጭ የሚከፈቱ። የጣሪያው ብረት ከ7 ሜትር በላይ ስፋት ካለው ያለ ስትራክቸር መሐንዲስ አይነካም። ኮርኒስ ለመጨረሻ ይቆይ፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ስብሰባ አይሰማም፣ ግን ኮርኒስ በኋላ ቢጨመር ምንም አይፈርስም። ወለል ሥር የሚያልፍ የመብራትና የውሃ ቱቦ ግን አርማታው ከመሞላቱ በፊት ነው የሚቀበረው።

ቤቱ ካለ በኋላ ሰው ሌላ ሌላውን መጠየቁ አይቀርም፤ አፀደ ሕፃናት፣ የአረጋውያን ቡና መጠጫ፣ ለፈተና የሚያጠኑ ልጆች ማንበቢያ። በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ እድሮች ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ መርዳት የገቡት በዚሁ ቤትና በዚሁ ሰብሳቢነት ነው። ጥሩ ነው፤ ለቅሶ በተነሣ ጊዜ ግን ቤቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲለቀቅ በየስምምነቱ ይጻፍ።

በመንገድ በኩል ሱቅ ሠርቶ ማከራየት የጥገናውን ወጪ ይሸፍናል። የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ራሱን ችሎ በሠንጠረዥ ለ የሚታይ ስለሆነ ከማከራየታችሁ በፊት ገቢዎች ሄዳችሁ የእድሩን ሁኔታ አጣሩ፤ ተከማችቶ ከነቅጣቱ ሲመጣ የሚወጣው ከአባላት ኪስ ነው። ለኮሚቴ አባልና ለቅርብ ዘመዱ አታከራዩ፤ ኪራይ ሲዘገይ ማስታወቂያ የሚጽፍበት ሰው ይጠፋል። ውሉ ለአንድ ዓመት ይሁን፣ ሲታደስ ዋጋው ይታይ። ለእያንዳንዱ ሱቅ የራሱ ቆጣሪ ይግባ፤ በአንድ ቆጣሪ ላይ ብየዳ ቤትና ፀጉር ቤት ከተገናኙ በየወሩ የሚዳኘው የእድሩ ሰብሳቢ ነው። ከኪራዩ አንድ አራተኛ ያህሉ ለጣሪያና ለቀለም ተለይቶ ይቀመጥ፤ አሸንዳው በየዓመቱ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ተጠርጎ፣ የላሉት የቆርቆሮ ምስማሮች ተመትተው፣ የሠራው ሰውና ቀኑ በንብረት መዝገቡ ላይ ይፈረም።